የተባረረውን አሰልጣኝ ልንጠይቅ ከአባባ ጋር

ሽኩና ሄ፣ ሰፈራችን፣ ጠዋት

ከቤርሼባ የወጣነው ኔታንያ የሚኖረውን ወንድሜን ማሩን ፍለጋ ነው። የወጣት ሴቶች ብሔራዊ ቡድን አሰልጣኝ ነበር፤ በተከታታይ ተሸንፎ ከተባረረ ወዲህ ስልኩን ዘግቷል። ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ስንመጣ ገና ልጅ ነበር። በዚሁ ሰፈር አቧራ ላይ ኳስ ሲያንከባልል አደገ፣ ጉልበቱ ሲጎዳ ማሠልጠን ጀመረ፣ ከሕፃናት ቡድን ተነሥቶ እዚያ ደረሰ። ኳስ ከሌለ ማሩ ምን አለው? ጭንቀቴ ይኼ ነው።

አባባ ግን ከእኔ ባሰባቸው። ቁርስ አልቀምስም አሉ። ኳስ የት ያውቁና ነው ለኳስ እንዲህ የሚሆኑት ብዬ ተገረምኩ።

ታሃና መርካዚት

ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከገበያው በር ላይ፣ ትኩስ ቡሬካስ፣ እንደ ሳምቡሳ ድንች የተሞላውን፣ ገዛሁ። አባባ አልነኩትም። የአውቶቡሱ ሹፌር ለሽማግሌ ግማሽ ዋጋ ነው ብሎ የቀረውን ሲመልስላቸውም ልብ አላሉት፤ እኔ ተቀበልኩላቸው።

መንገድ ላይ

ከከተማው ስንወጣ ግራ ቀኙ የለመለመ ስንዴ ነበር። ሌላ ጊዜ አባባ አዝመራ ሲያዩ አፋቸው አያርፍም፤ ዛሬ ግን ቀና ብለውም አላዩት። ቂርያት ጋት የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን ድንገት ተናገሩ።

«ጎንደር ሳለን የአይሁድ እምነታችሁን ልቀቁ ሲሉን እምቢ ያልን ሰዎች ነን። ኢየሩሳሌም ብለን መጥተን፣ እዚህ ደርሶ ይካድ?»

«ማን ካደ፣ አባባ?»

«ማሩ ነዋ! የሰፈራችን አትክልት ሻጭ ነገረኝ። ‹ልጅህ ከእንግዲህ ማአሚን አይደለም› አለኝ።»

ጉድ በል! በዕብራይስጥ «መአሜን» አሰልጣኝ ነው፣ «ማአሚን» ደግሞ አማኝ። ሳቄ አመለጠኝ። ከኳስ ሥራው እንጂ ከሃይማኖቱ እንዳልወጣ አስረዳኋቸው።

«እኔን ለማጽናናት አትዋሺ» አሉና ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሳቄም ያኔ ጠፋ።

ኔታንያ

ቴል አቪቭ ላይ አውቶቡስ ቀይረን ከሰዓት በኋላ ደረስን። የማሩን በር ደበደብኩ፣ ዝም። ደግሜ ደበደብኩ፣ ዝም። የማላስበው ክፉ ነገር አልነበረም። በመጨረሻ ማሩ ጢሙ አድጎ፣ ዓይኑ ቀልቶ ከፈተ። አባባ ሰላም እንኳ ሳይሉት የሻጩን ቃል እንዳለ ወረወሩበት።

«ማአሚን ነህ ወይስ አይደለህም?»

ማሩ መሬት መሬት እያየ «አይደለሁም አባባ። አበቃ» አለ።

አባባ ደረጃው ላይ ዘጭ አሉ። ማሩ የሰማው «መአሜን» መሆኑ ያኔ ገባኝ።

«አንተ! አማኝ ነህ ወይ ነው የሚሉህ፣ በእግዚአብሔር!» ብዬ ጮኽኩ።

ማሩ አንዴ እኔን፣ አንዴ አባባን አየ። «ከእሱማ ማን ያባርረኛል?» አለና ማልቀስ ጀመረ።

አባባ ተነሥተው ጉንጩን ደጋግመው ሳሙት። «ታዲያ ምን ሆንኩ ብለህ ነው በር የዘጋኸው? ጫማህን አድርግ፣ ወደ ቤት እንሂድ።» ቡሬካሱን ሦስታችንም በላነው፤ ቀዝቅዞ ነበር።

ቤርሼባ

እኔ ማሩ ሥራ አጣ ብዬ ስጨነቅ፣ አባባ የፈሩት ራሱን እንዳያጣ ኖሯል። ይህን የተረዳሁት ሲመሽ፣ በመመለሻው አውቶቡስ ላይ ሁለቱ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው እንቅልፍ ሲወስዳቸው እያየሁ ነው።

ታሃና መርካዚት ስንወርድ ሹፌሩ ማሩን አተኩሮ አየው።

«አንተ መአሜኑ አይደለህም እንዴ?»

ማሩ ፊቱ ተለዋወጠ፤ አፉን ሳይከፍት አባባ ቀደሙት።

«ነው! ማአሚን ነው!» አሉ፣ ደረታቸውን ነፍተው።

ማሩም አላረማቸውም።