ረጅሙ መጣ

ያገባሁ ሰሞን ከወልድያ ወጥቼ ግራና የሚባል ገጠር፣ አማቴ ቤት ገባሁ። የከተማ ልጅ ነኝ፤ የመስኖ ቦይ በጓሮ ሲያልፍ ማየት እንኳ ለእኔ አዲስ ነበር። አማቴ ከማለዳ ጀምረው ማንጎዎቹ ሥር ሲኮተኩቱ ይውላሉ፤ እኔ ቤት አስተካክላለሁ፣ ሰው ሲመጣ እቀበላለሁ። ባሌ ለሠርጋችን ያልደረሱ አንድ ረጅም አጎት እንዳሉት፣ በዚያው ሳምንት እንደሚመጡም ነግሮኛል።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አማቴ ከጓሮ ተጣሩ።

«ልጄ! ረጅሙ ወደ አንቺ እየመጣ ነው!»

«እሺ እማ!» አልኩና ሻርፔን አስተካክዬ ምንጣፉን አራግፌ አነጠፍኩ። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። ሰው አይታየኝም። አጎትየው የቤቱን ጥግ ያልዞሩ መስሎኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይግቡ! ኧረ ይግቡ!» አልኩ።

«ያ አላህ! ዝጊው! ዝጊው!» እያሉ አማቴ መኮትኮቻቸውን እንደያዙ ሲሮጡ መጡ። ያኔ ዝቅ ብዬ አየሁ። ከእኔ ቁመት የማያንስ ቡናማ እባብ ግድግዳውን ተከትሎ ወደ ደጃፉ ይሳባል። በሩን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም፤ ራሴን ያገኘሁት አልጋ ላይ ቆሜ ነው።

ትንሽ ቆይተው አማቴ አንኳኩ። «ነይ ውጪ፤ ቦዩን ተሻግሮ ሄዷል።»

ከአልጋው ወርጄ በሩን ከፈትኩ። «እማ፣ እባብ ነው ቢሉኝ ምን ነበረበት?»

እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «በስሙ አይጠራማ! ስሙን የሰማ እንደሆነ የጠሩት መስሎት ይመጣል። እናቴ ረጅሙ ትለው ነበር፣ እኔም ከእሷ ነው የያዝኩት። ከቦዩ ማዶ ያሉት ደግሞ ገመዱ ይሉታል።»

«እኔ እኮ አጎትየው የመጡ መስሎኝ ነው ይግቡ ያልኩት።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ።

ባሌ አመሻሹ ላይ ከመርሳ ሲመለስ ነገርነው። እሱም ሳቀና፣ «እኔ ትምህርት ቤት እስክገባ ድረስ ሌላ ስም ያለው አይመስለኝም ነበር» አለኝ። «መምህራችን ሥዕሉን አሳይተው ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ረጅሙ አልኩ። ግማሹ ክፍል ተሳስቷል፣ ገመዱ ነው ብሎ ጮኸ። መምህሩ የደሴ ሰው ነበሩ፤ ግራ ገባቸው።»

«አንቺስ ብትሆኚ» አሉ አማቴ ወደ እኔ ዞረው፣ «ባልሽን በስሙ ስትጠሪው ሰምቼሽ አላውቅም።»

እውነታቸውን ነው። እሳቸው ፊት «እሱ» ነበር የምለው።

ዛሬ የምንኖረው ወልድያ ነው። እዚህ ሰዉ ሁሉ እባብን እባብ ይላል፤ እኔም እላለሁ። ለአረፋ ግራና ስንወርድ ግን ማንም ሳይነግረኝ እተወዋለሁ። ስሙን ሰምቶ ይመጣል ብዬ አይደለም። አንድ ጊዜ ረጅሙ ስል የሰሙ አማቴ ለጎረቤታቸው «ይቺማ የኛው ናት» ሲሉ ሰምቼ፣ ደስ ብሎኝ ነው።