ነርሱን የመታሁበት ቀን

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ሊገባ ሳምንት ሲቀረው ነው። በስድሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዬ ሰው ላይ እጄን ያነሳሁት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ ከልቤ አይወጣም።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ እዚሁ ሪያድ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ካንሰር ነው። ሐኪሞቹ እንደማይድን ነግረውን ስቃይ ወደሚያስታግሱበት ክፍል አዛውረውታል። እኔ ጉበይራ በሚባል ሰፈር የአንድ ሕንፃ ዘበኛ ነኝ። ዐረብኛዬ ከበር አያልፍም። የወጣ ሰው ሲጠይቁኝ «ራሕ» እላለሁ፤ ሄዷል ማለት ነው።

ያን ቀን ጧት ሰይድ ሲያቃስት ህንዳዊው ነርስ መጥቶ መርፌ ወጋው። ወንድሜ ዝም አለ፤ አንገቱም ዘንበል አለ። ደንግጬ ነርሱን ባየው ፈገግ ብሎ «ራሓ፣ ራሓ» አለኝ።

እኔ የሰማሁት «ሄደ፣ ሄደ» ነው። ገድሎት የሚስቅብኝ መሰለኝ።

የግሉኮሱን መስቀያ ብረት አንስቼ ቅንድቡ ላይ አሳረፍኩበት። ደሙ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ወድቆም አልተውኩት፤ ትከሻውን ደገምኩት። ጥበቃዎቹ መጥተው በደረቴ ደፉኝ። አንዱ አንገቴን በጉልበቱ ሲጫነኝ የፊት ጥርሴ ተሰበረ።

ነርሱ ስላልከሰሰኝ ለቀቁኝ፤ ወደ ክፍሉ ግን ድርሽ እንዳትል ተባልኩ። ሰይድ ለካ ያን ጊዜ አልሞተም ነበር፤ በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ሞተ። መርፌው ቀስ ብሎ ነው የጨረሰው አልኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ሆስፒታሉ ደወለ። ሰው ከሞተባቸው ቤተሰቦች ጉድለታችንን እየጠየቅን ነው፣ ኑና ንገሩን አሉ። እዚሁ ያደገችውን የሰይድን ልጅ፣ ሀያትን፣ ለማስተርጎም ይዤ ሄድኩ። በልቤ ግን ያን ሰው ላንቀው ነበር።

ነርሱ ሰይድን ታክም ከነበረችው ሐኪም አጠገብ ተቀምጧል። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለ። ሐኪሟ ያን ቀን ምን እንዳጠፉ ጠየቀችኝ።

«ወንድሜን ገድሎ ራሕ አለኝ» አልኩ።

ሀያት ሳትተረጉም ዞራ አየችኝ። «ዐሚ» አለችኝ፤ አጎቷ ስለሆንኩ እንዲያ ነው የምትለኝ፤ አንቱ ማለት አልለመደችም። «ራሕ አይደለም ያለህ። ራሓ ነው። አባቴ አረፈ ማለቱ ነው።»

«ታዲያ አረፈ ማለት ሞተ ማለት አይደል?»

«አይደለም፣ ዐሚ። ሕመሙ ተወው። ተኛ።»

ሐኪሟም መርፌው የስቃይ ማስታገሻ እንጂ ገዳይ እንዳልነበር፣ የገደለው በሽታው እንደሆነ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ ምን ብናደርግ ይሻል ነበር አለችኝ። ከመውጋታችሁ በፊት በሚገባን ቋንቋ ንገሩን አልኩ። የሚማታ ይውጣ፣ ደግ አደረጋችሁ፤ ሲበርድለት ግን በር ላይ ቆሞም ቢሆን ወንድሙን ይየው አልኩ። ሁለቱንም ጻፉ።

የነርሱን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ያዘኝ። በመታሁት ማግስት ቅንድቡን ተሰፍቶ ሥራ እንደገባ፣ ሰይድ ነፍሱ ስትወጣ እጁን ይዞት እንደነበር በሀያት በኩል ነገረኝ።

አሁን መርፌው እንዳልገደለው አውቄ እተኛለሁ። ግን የወንድሜን ዓይን የከደነለት እኔ ያደማሁት ሰው ነው። እኔ ደጅ ነበርኩ። አጠገቡ መሆንን ማንም አልነፈገኝም፤ በገዛ እጄ ነው ያጣሁት።