የዳማው ቀለም

የመርሳው ኢስሐቅ ግልፍተኛ ነው። አንዴ ከተናደደ ጆሮው አይሰማ፣ ዓይኑ አያይ! ለአሮጌ ሞተር ሳይክሉ ግን ነፍሱን ይሰጥ ነበር። ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ የገዛው ነው። ቀለሙ እንደ ዳማ በሬ ቀይና ቡናማ የተቀላቀለበት ስለሆነ አገሩ ሁሉ «ዳማው» ይለዋል። ስንት ምጥ የያዛት ሴት ወልድያ ሐኪም ቤት ያደረሰ ዳማው፤ ክረምት ከበጋ ሲሪንቃ መንገድ ላይ ቆሞ የማያውቅ ዳማው!

ምን ያደርጋል! የሰባ ሰባቱ ድርቅ ሁለቱንም በሬዎቹን ፈጀበት። በዓመቱ ዝናብ ሲመለስ ሰው ሁሉ ማረሻውን ሲያሰናዳ እሱ እጁን አጣጥፎ ቀረ። ጎረቤቱ «አንድ በሬ ብቻ ፈልግ፣ ከኔው ጋር እናቀናጃለን» ቢለው በሬው ከየት ይምጣ? ያኔ ነው የወልድያው ከብት ነጋዴ ብርሃኑ «ዳማውን አምጣልኝ፣ የደረሰ የእርሻ በሬ እሰጥሃለሁ» ብሎ የላከበት።

እዚህ ላይ የሚስቱ ወንድም አብዱልሐሊም ጥልቅ አለ። የቀበሌ መፈክር ጸሐፊ ነው። «እንዲህ ተላልጦማ በሬ ቀርቶ ፍየል አያወጣ። ቀለም ብናስነካው ጊደርም ያስጨምርልሃል» አለ። ጊደር ሲባል የኢስሐቅ ልብ ሸፈተ። ለደህና ቀለም ገንዘብ የለ! ከመፈክር የተረፈ ቀይ ቀለም በቤንዚን አቀጠኑና፣ ሞተሩን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው በመፈክር መጻፊያው ብሩሽ ለቀለቁት። ሳይደርቅ የሰፈሩ ትንኝ ሁሉ ተለጠፈበት።

ወልድያ ሲደርስ ብርሃኑ ሞተሩን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ዳማውስ?»

«ይኸው!»

«ወግድ! ዳማውን እኔ አላውቀውም? ቀንዱ የተሞረደ በሬ ስንቱን አይቻለሁ። ዕድሜ ለመደበቅ ካልሆነ ማን ቀንድ ይሞርዳል? ደግሞ የቀበሌ ቀለም! ነገ የመንግሥት ንብረት ነው ብለው እኔን ሊያስሩኝ?»

ኢስሐቅን ቀንድ ሞራጅ! በመርሳ ገበያ ከቀንድ ሞራጆች ጋር በዱላ የተፈነካከተውን ሰው! ደሙ ፈላ። አንዲት ቃል ሳያስረዳ «ከነበሬህ ገደል ግባ!» ብሎ ሞተሩን አስነስቶ ተፈተለከ። መርሳ እስኪገባ ድረስ አንዴ ብርሃኑን፣ አንዴ አብዱልሐሊምን ሲረግም መጣ።

ሚስቱ ዘይነባ ጩኸቱን እስኪጨርስ ሰማችው። ከዚያ ወጣችና የሞተሩን ኮርቻ ብድግ አደረገችው። ከሥሩ ብሩሽ ያልደረሰበት፣ ያው የጥንቱ ዳማ ቀለም ቁጭ ብሏል።

«ይኼን አላሳየኸውም?» አለችው። «ወላሂ፣ አንተ ሰው፣ ከድርቁ ተርፈን ቁጣህ ይጨርሰን?»

ኢስሐቅ በማግስቱ በማለዳ ወልድያ ገብቶ ብርሃኑ ደጅ ላይ ኮርቻውን አነሳ። ብርሃኑ ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«እውነትም ዳማው ነው። ምነው ትናንት አፍ አልነበረህም? በሬውን አንተ እንደ ወጣህ ሸጥኩት።»

ወደ መርሳ ሲመለስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሰው ጠምዶ ያርሳል። ኢስሐቅ የሚሰድበው ሰው ቢፈልግ ከራሱ በቀር አጣ።