ባለሦስት ጓጉንቸሩ ሣጥን

ባለፈው ሳምንት ስዊድን ውስጥ፣ ቮርቢ ጎርድ በሚባል ሰፈር የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት፣ የዕቃ ማስቀመጫው በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፎ አገኘሁ። ስምና የቤት ቁጥር ያልተጻፈበት ዕቃ ሁሉ በወሩ መጨረሻ ይጣላል ይላል። ጨዋ ወረቀት ነው፤ «እናመሰግናለን» ብሎ ነው የሚጨርሰው። እኔ ግን የልብስ ቅርጫቴን ታቅፌ እዚያው እንደቆምኩ ደሜ ፈላ። ከጎን ካለው ልብስ ማጠቢያ ክፍል የማድረቂያው ሙቅ አየር የሳሙናና የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ ይዞ ይመጣል፤ ያ ሽታ ክንዴን ይዞ ወደ ልጅነት ሰፈሬ ወደ ሁስቢ፣ ወደ አሥራ ሦስት ዓመቴ መለሰኝ። እዚያ የተናደድኩት ንዴት እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው። ሁስቢ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር፣ ከልብስ ማጠቢያው ቀጥሎ፣ መስኮት የሌለው አንድ ክፍል ነበር፤ የምጽዋ ባሕርተኞች መታሰቢያ ማኅበር የተባለው እዚያ ነው የተቋቋመው። አባቴ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ምልክተኛ ነበር፤ በባንዲራ ከመርከብ ወደ መርከብ መልእክት የሚያስተላልፍ። ጋሽ ተፈራ የመርከብ ሞተር ቤት ሠራተኛ፣ ጋሽ ሰዒድ ደግሞ ከወሎ ወርደው ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዱ የኖሩ። ባሕሩ ሄዷል፣ ወደቡም ሄዷል፤ ቢያንስ ልጆቻችን መርከብና ጀልባን ለይተው ይወቁ ብለው ነው ሦስቱ የተነሡት። በአዘቦቱ አባቴ ጎረቤት ሰፈር ኪስታ ቢሮ ያጸዳል፣ ጋሽ ተፈራ አውቶብስ ይነዳሉ፣ ጋሽ ሰዒድ አቅም ያነሳቸው ሽማግሌዎችን በየቤታቸው ያጥባሉ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሦስቱም ምድር ቤት ወርደው የባሕር ሰው ይሆናሉ።

ማኅበሩ ወንበር ሳይኖረው ማኅተም ነበረው። ቃለ ጉባኤ የሚጽፈው አባቴ ሲሆን፣ ስብሰባው ስንት ሰዓት ላይ እንደተከፈተ ብቻ ግማሽ ገጽ ይፈጃል። ያም ሆኖ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ ይህን አልክድም። ጋሽ ተፈራ ከጫማ ካርቶንና ከቲማቲም ቆርቆሮ ክንድ ተኩል የሚሆን መርከብ ሠርተው፣ የጭስ ማውጫው ሦስት ጊዜ ስለተጣመመባቸው ሦስት ጊዜ አፍርሰው ሠርተውታል። አባቴ አሮጌ አንሶላ እየቀደደ፣ በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ ቀለም እየነከረ፣ የምልክት ባንዲራዎቹን አንድ በአንድ ሰፋ፤ እኛ ልጆች ከማድረቂያው ሙቀት ሥር ተኮልኩለን፣ እሱ ሲያነሣ በስዊድንኛ እየጮህን ትርጉሙን እንናገራለን። እሱ በአማርኛ ይጠይቃል፣ እኛ በስዊድንኛ እንመልሳለን፣ ማንም አይናደድም። የልብስ ማጠቢያ ተራቸው ደርሶ የሚወርዱ ስዊድናውያን ሴቶች፣ ቅርጫታቸውን እንደያዙ በራችን ላይ ቆመው የገመድ ቋጠሮ ሲማሩ አይቻለሁ።

በየዓመቱ በጋ ላይ በዓል ነበረን። ሦስቱም ነጭ ልብስ ይለብሳሉ፤ የአምናው ስለማይቆለፍ የጋሽ ተፈራ ሆድ ላይ ሁለት መርፌ ቁልፍ ይጨመራል። ከምድር ቤት ወጥተን፣ አንድ ጠብታ ባሕር በማይታይበት ግቢ ውስጥ፣ ባንዲራ ይዘን የልጆች መጫወቻውን ሦስት ጊዜ እንዞራለን። ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ አንዲት አሮጊት ያጨበጭቡልናል። ጋሽ ተፈራ ቆመው ሰላምታ ይሰጧቸዋል፣ መርፌ ቁልፉ ይከፈታል፣ እንስቃለን። ደስ የሚል ነገር ነበር። የሚያንገበግበኝም ደስ የሚል ስለነበር ነው።

አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ። እናቴ የሞተችው እኔ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ምጽዋ ላይ ነው። አባቴ ከዚያ ሲወጣ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ያመለጠው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ እናቴ ወደቡ ዳር ቆማ፣ ፀሐዩን ለመከላከል መዳፏን ከቅንድቧ በላይ አድርጋ፣ ነፋስ ቀሚሷን ወደ አንድ ጎን ወስዶት። ጥቁርና ነጭ ነው። ከኋላዋ መርከብ ይታያል። ለኔ እናት ማለት ይህች ፎቶ ናት፣ ሌላ የለኝም። አባቴ ወደቡ የሚታየው እሷ ላይ ብቻ ነው ብሎ ለበዓሉ ግድግዳ ላይ ለጠፋት፤ ከሥሯም በሚያምር የእጅ ጽሕፈቱ «የምጽዋ ወደብ» ብሎ ጻፈ። የእናቴን ስም አልጻፈም። ለሱ የታየው ወደቡ ነበር።

በዓሉ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ወደ ሣጥኑ ገባ። ሣጥኑ ትልቅ የብረት ሣጥን ነው፣ ሦስት ጓጉንቸር አለው፣ የእያንዳንዱ ጓጉንቸር ቁልፍ ከሦስቱ ሰዎች በአንዱ ኪስ ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም፣ ለማኅበሩ የተሰጠ ዕቃም ያለ ሦስት ፊርማ አይወጣም፤ ይህ ቃለ ጉባኤ ላይ አለ፣ ማኅተም አርፎበታል። እርስ በርስ እንደ ወንድም የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው፤ ግን ባገራቸው ስንት ማኅበር በአንድ ሰው ኪስ ገብቶ እንደቀረ ስላዩ፣ ፍቅራቸውን በጓጉንቸር አጠበቁት። እኔ ከአባቴ ጋር ሁልጊዜ በስዊድንኛ ነበር የማወራው፤ ያን ቀን ግን በአማርኛ ለመንኩት።

«አባባ፣ የእማዬን ፎቶ አውጣልኝ። ኪስታ ወስደን እናባዛውና እንመልሰዋለን።»

«በሚቀጥለው ስብሰባ አስፈርማለሁ» አለኝ።

የሚቀጥለው ስብሰባ የመጨረሻው ሆነ። ጋሽ ሰዒድ ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አንድ ጎረቤት ተዋውቀው ኖሯል፤ አቶ ዑመር ይባላሉ፣ ምጽዋ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸውም እሳቸውም ሳንቡክ፣ ያንን የቀይ ባሕር የእንጨት ጀልባ፣ በእጃቸው ሲሠሩ የኖሩ። ከሦስቱ አንዳቸውም ምጽዋ አልተወለዱም። አቶ ዑመር በዚያ ቅዳሜ በዘንባባ ሰሌን የተጠቀለለች ትንሽ የእንጨት ሳንቡክ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። ጋሽ ተፈራ ከወንበራቸው ተነሡ።

«ከባሕሩ አስወጣችሁን፣ አሁን ደግሞ ከምድር ቤታችን ልታስወጡን ነው?»

አቶ ዑመር ሰውነታቸው ሁሉ አነሰ። «ይቅርታ፤ የናንተ ብቻ መሆኑን አላወቅሁም» ብለው ሳንቡካቸውን ይዘው ወጡ። አባቴ ቀና አላለም፤ ባንዲራ ይጠቀልል ነበር። ጋሽ ሰዒድ ግን ተነሡ፤ «የተወለደባትን ሰው አባርራችሁ የማንን ትዝታ ነው የምትጠብቁት?» ብለው፣ ቁልፋቸውን በኪሳቸው እንደያዙ ሄዱ።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የአከራዩ ደብዳቤ መጣ። የስዊድንኛ ደብዳቤ የሚነበበው በኛ በልጆች ስለሆነ ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ይታደሳል፣ ዕቃ ካለ እስከዚህ ቀን ይውጣ፣ ያልወጣ ይጣላል። ወረቀቱን ይዤ ሮጥኩ። ጋሽ ተፈራ መኪና ማቆሚያው ላይ ሰሙኝና «ሊቀመንበሩ እኔ ነኝ፤ ሰዒድ እኔ ዘንድ ይምጣ» አሉ። ጋሽ ሰዒድ በራቸውን ከፍተው፣ ጭንቅላቴን ዳብሰው፣ ሻይ አጠጥተውኝ፣ «ሰብልዬ፣ እንግዳዬን ያባረረ ሰው ደጅ እንድሄድ አትለምኚኝ» አሉ። ወይ ፍንክች። ዳግመኛ ሄድኩ፣ ሦስተኛም ሄድኩ። አባቴን ጓጉንቸሩን እንስበረው አልኩት፤ የማኅበር ንብረት አይሰበርም አለ። እንግዲያው ሣጥኑን እንዳለ ወደ ቤት እንውሰደው አልኩት።

«ነገ ሰረቁ ይሉናል፣ ልጄ።»

ስሙን ጠበቀ። የገዛ ሚስቱን ፎቶ፣ የልጁን እናት፣ ሌባ ላለመባል ተዋት።

በተባለው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነበር፣ አዲስ ቀለም ይሸታል። ግቢው ውስጥ ቆሞ የነበረው የቆሻሻ ኮንቴይነር ተነሥቶ የጎማው አሻራ ብቻ ቀርቷል። ልብስ ማጠቢያው ውስጥ አቶ ዑመር ለብቻቸው አንሶላ ያጥፉ ነበር። ሲያዩኝ ማጠፋቸውን አቆሙ።

«ሁለት ሠራተኞች ናቸው ያወጡት፤ ከብዷቸው ሁለት ጊዜ አሳርፈውታል» አሉኝ። «እኔን ጠየቁኝ፣ ያንተ ነው ወይ ብለው። ምን ልበል፣ ልጄ? ያንተ አይደለም ተብዬ የለ? አይደለም አልኳቸው።»

አልተናደድኩባቸውም። በዚያ ነገር ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ሁሉ ያልተናደድኩባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው።

ጋሽ ተፈራና ጋሽ ሰዒድ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቅሶ ቤት ተገናኝተው ታረቁ። ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ አለቀሱ፣ ቤቱ ሙሉ ሰው «እሰይ» አለ፤ እኔ ተነሥቼ ወጣሁ። ምን ነበረበት? ያንኑ መሳሳም ለአንድ ቅዳሜ ቢያበድሩኝ ምን ነበረበት? ሦስት ቁልፍ ለማዞር የሚፈጀው ጊዜ ሻይ ከማጠጣት ያንሳል። አባቴ ቁልፉን እስኪሞት ከቤቱ ቁልፍ ጋር አስሮ ይዞት ዞረ። ጥፋቱን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ እናቴን በቃል ሊሥልልኝ ይሞክር ነበር። የቀሚሷ ቀለም ምን ነበር ስለው አንድ ጊዜ ቢጫ አለኝ፣ ከዓመታት በኋላ አረንጓዴ አለኝ፣ በመጨረሻው ክረምት «ነፋሱ ግን ከግራ ነበር» አለኝ። ነፋሱን ያውቃል፤ ምልክተኛ ነበርና። እኔ የቀረኝ ቅንድብ ላይ ያረፈ መዳፍና ከሥሩ ያለው ጥላ ነው። አንዳንዴ መስታወት ፊት መዳፌን ቅንድቤ ላይ አደርጋለሁ፤ የምትመጣው ግን እኔው ራሴ ነኝ።

ዛሬ እንደገና ወደ ምድር ቤቱ ወረድኩ። የኔ ዕቃ ሁሉ ስም አለበት፤ እንኳን ሻንጣዬ የክረምት ጫማዬም ስም አለበት። ጥጉ ላይ ግን አንድ ያረጀ ቡናማ ሻንጣ ቆሟል፣ በገመድ የታሰረ፣ አቧራ የለበሰ፣ ስም የሌለው። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ የላይኛው ፎቅ ሽማግሌ ይሁን፣ ከዓመታት በፊት የለቀቀ ሰው ይሁን፣ በውስጡም ምን እንዳለ አላውቅም። እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ገመዱ ሥር ወረቀት ሰክቼ ስሜንና የቤቴን ቁጥር ጻፍኩበት። ሠራተኞቹ መጥተው ያንቺ ነው ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ የኔ ነው እላቸዋለሁ።