በትምህርት ቤት ድምፅ ማጉያ ያነበብኩት ደብተር

ሰውየው ከመናገሩ በፊት ማይክሮፎኑን በጥፍሩ ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረገ። እሱ ዩክሬን ነው፤ እኔ ሐረር፣ ቤቴ ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ እኔም ልክ እንደዚያ አድርጌ ነበር።

ጋዜጠኛ ነኝ፤ ቃለ መጠይቅ የማደርግለት ሰው ከወታደርነት ወደ ደራሲነት የተሻገረ ነው። ከጦርነቱ በፊት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያ መጽሐፉን ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ በስልኩ ጻፈው፤ ሁለተኛውን ከሠራዊቱ ከተሰናበተ በኋላ። ሁለቱንም በትርጉም አንብቤ ጥያቄዎቼን በቁጥር አዘጋጅቻለሁ። ሰባተኛው እንዲህ የሚል ነበር፦ በሁለተኛው መጽሐፍ ጓደኛህ ጠዋት ጫማውን ሲያስር እናየዋለን፤ በሚቀጥለው ገጽ ቀብሩ ነው። መሃሉ የት ሄደ?

አስተርጓሚዋ መልሱን አቀበለችኝ። "አብሬው ነበርኩ፤ ሁሉንም አውቀዋለሁ። ግን እናቱ መጽሐፎቼን ያነባሉ።"

ስምንተኛ ጥያቄ ነበረኝ። አልጠየቅሁትም።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከጁገል ግንብ በሮች አንዱ በሆነው ፈላና በር አጠገብ ነበር። ጎረቤታችን ከጦር ሜዳ እያነከሱ የተመለሱ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ የግንቡን ድንጋይ ስታቀላው፣ ባዶ የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው በራቸው ላይ ይቀመጡና ደብተር ላይ ይጽፋሉ። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹት ስለነበር አጠገባቸው የእንጨት ፍቅፋቂ ይሸታል። ሰፈሩ "ደራሲው" እያለ ያሾፍባቸው ነበር።

"ጄኔራሉን ገደሏቸው ወይስ ገና ነው?" ይላቸዋል ጫቱን በብብቱ ይዞ የሚያልፍ ሁሉ።

"ቅድሚያ ያንተ ነው! ምዕራፍ ሁለት ላይ ትሞታለህ" ይሉታል።

አንድ ቀን ደብተሩን ሰጡኝ። "ፊደሉን አርምልኝ። የምታነበው ግን አንተ ብቻ ነህ፤ ገባህ?"

"ገብቶኛል ጋሼ።"

የትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ኃላፊ ነበርኩ። በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ዜና፣ የልደት መልካም ምኞትና "የኪነ ጥበብ ዝግጅት" እናሰማለን። በዚያ ሳምንት ለዝግጅቱ ምንም አልነበረንም። በደብተሩ ውስጥ ደግሞ ሆዱን ተመትቶ ከድንጋይ ሥር የወደቀ ወታደር ታሪክ ነበር። እስከ ምሽት ድረስ ውሃ ሲለምን ውሎ ነው የሞተው። እንደዚያ ያለ ነገር አንብቤ አላውቅም ነበር። የሟቹን ስም ቀየርኩ፤ ስም ከቀየርኩ የሚበቃ መሰለኝ። እናቱ በብርቱካንማ ጨርቅ ጥቁር አዝሙድ ቋጥረው አንገቱ ላይ እንዳሰሩለት የሚናገረውን መስመር ግን፣ ስላማረኝ፣ እንዳለ ተውኩት። ማይክሮፎኑን በጥፍሬ መታ መታ አድርጌ አነበብኩት። ግቢው ጸጥ አለ። ጸጥታውን እንደ ክብሬ ቆጠርኩት።

የሟቹ እህት ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ግቢው ውስጥ ቆማ ትሰማለች፤ ጨርቁን ታውቀዋለች። ይህን አላጣራሁም።

እናትየው፣ ሰው ሁሉ በአክብሮት "አዴ" የሚላቸው፣ ከከተማው በላይ ካለው ከሐኪም ጋራ ናቸው፤ ጊደር መጋላ ገበያ ቅመም ይሸጣሉ። ከሦስት ዓመት በፊት መርዶውን ሊነግሯቸው ጎህ ሲቀድ ከሽማግሌዎች ጋር የሄዱት እኚሁ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። "ወዲያው ነው ያረፈው፤ አልተሰቃየም" ነበር ያሏቸው። በእኛ አገር መርዶ ነጋሪ ስለ አሟሟቱ አይዘረዝርም። እናትየው "ወዲያው" በምትለዋ ቃል ነበር ሦስት ዓመት የኖሩት።

ባነበብኩበት ዕለት ከሰዓት በኋላ እናትየው ወደ ሃምሳ አለቃው በር መጡ። እኔ ደብተሩን ልመልስ ቆሜአለሁ፤ እናቴ በራችን ላይ ሆና ታያለች።

"ወዲያው ነው ያልከኝ" አሉ እናትየው። አልጮኹም። "ውሃ ለምኗል?"

ሃምሳ አለቃው እጄ ላይ ያለውን ደብተር አዩ፤ እኔንም አዩኝ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ለምኗል፣ አዴ።"

"ሰጠኸው?"

"አልነበረንም።"

"ወላሂ በል።"

"ወላሂ፣ አዴ።" ሃምሳ አለቃው ክርስቲያን ናቸው፤ ግን በእናትየው ቃል ማሉላቸው።

"ይህን ለተማሪ እንዲነበብ የሰጠው ማነው?"

"እኔ ነኝ" አሉ።

ከእኔ የሚጠበቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። አልወጣኝም። እናትየው ሻሻቸውን አስተካከሉ። "እስከ ዛሬ ውሃ ስጠጣ ምንም አይመስለኝም ነበር" አሉና ሄዱ።

ሃምሳ አለቃው አልተቆጡኝም። ደብተሩን ተቀብለውኝ ገቡ። ከዚያ በኋላ በራቸው ላይ ተቀምጠው ሲጽፉ ያየ የለም። ወደ ገበያም መሄድ ተዉ። አንድ ጊዜ "ጋሼ፣ አይጽፉም እንዴ?" ብያቸው "ፊደሉ አስቸገረኝ" አሉኝ። ሲሞቱ ሌላ ከተማ ሥራ ላይ ነበርኩ። ደብተሩ የት እንደገባ ቤተሰቡን ጠይቄአለሁ፤ የሚያውቅ አልተገኘም።

ዛሬ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳላጣራ አላወጣም። ባልደረቦቼ ጥንቃቄዬን ያደንቁልኛል፤ ከየት እንደመጣ ስለማያውቁ ነው።

ከዩክሬናዊው ጋር ባወራሁ ማግስት ጊደር መጋላ ሄድኩ። እናትየው አርጅተዋል። በጃንጥላ ሥር ተቀምጠው በርበሬ ይለቅማሉ። ፊት ለፊታቸው ቁጢጥ አልኩ።

"አዴ፣ ያን ጊዜ በድምፅ ማጉያ ያነበብኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አሉ ቀና ሳይሉ። "ልጄ ድምፅህን ለይታ ያኔውኑ ነግራኛለች።"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"እናትህ በር ላይ ቆማ እያየች ነበር።" ጥቂት በርበሬ ለቀሙ። "ራስህ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅሁህ። እሱም፣ አላህ ይማረው፣ ሳይጠብቅህ አልቀረም።"

ፀሐዩ ማጅራቴን ያቃጥለኛል።

"ምን ፀሐይ ላይ ያስቀምጥሃል? ጠጋ በል ወዲህ" አሉኝ። ጃንጥላውን ወደ እኔ አዘነበሉት። የእሳቸው አንድ ትከሻ ፀሐይ ላይ ቀረ።