የደምለው ቡችሎች

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት፣ መርዶ ነጋሪዎቹ ገና ጎህ ሲቀድ መጡ። ደምለው በጎቹን ከጋጣ ሊያወጣ ነበር። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ የሚስቱ ወንድም መምህር ዓለምብርሃን ከኋላ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሲያያቸው ገባው፤ ከእናቷ ጋር ጎንደር ሐኪም ቤት የሄደችው ልጁ ሃና የለችም።

"ምን ገደላት?"

"ስኳር ነው አሉ።"

"ስኳር? የት አግኝታ? እኛ ቤት ስኳር የሚገዛው ለእንግዳ!"

ከጎንደር የተመለሰችው ሚስቱ ሸጊቱ ግን ገዳይዋን አውቄያለሁ አለች፤ የጎረቤታቸው የወለተ ማርያም ዓይን ነው። ሴትዮዋ በፋሲካ "ይች ልጅ እንዴት አምሮባታል" ብላ ነበር። ለልቅሶ ስትመጣ ሸጊቱ ከደጅ መለሰቻት። ደምለው ከልቅሶው ድንኳን ሆኖ ያያል።

ደምለው ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው ቀበሌ በውሾቹ ይታወቃል። ከዳባት ድረስ መጥተው ከእሱ ቡችላ ይወስዳሉ። ቡችሎቹን ከግልገሎች ጋር ያሳድራል። ግልገል የሚነክሰውን ያስወግዳል። ምንም የማያሸተውን፣ በግም ጅብም አንድ የሆነበትንም አያስቀርም። አሽትቶ የሚተወውን ነው ለመንጋው የሚያሳድገው።

ዓለምብርሃን ድንኳኑ ውስጥ ይህንኑ አነሳበት።

"ጋሼ፣ ሰውነትም እንደ እርስዎ ከበሽታ የሚከላከሉትን ጠባቂዎቹን ይመርጣል። እዚህ፣ ከደረት አጥንት ኋላ ባለች እጢ። እያንዳንዱ ጠባቂ የየራሱ መዳሰሻ አለው። የገዛ ሰውነቱን ያስነኩታል። ጨምድዶ የያዘ ይገደላል፤ ምንም መያዝ ያቃተውም ይሞታል። ነካ አድርጎ የሚለቀው ብቻ ይወጣል።"

"አንተ አስተማሪ፣" አለ ሽማግሌው ደርቤ፣ "ልቅሶ ቤት ተቀምጠህ ስለ ውሻ ታስተምራለህ?"

አንዳንዶቹ በነጠላቸው ስር ሳቁ። ደምለው አልሳቀም።

"የሃናስ?"

"አንዳንዱ ጨምዳጅ ሾልኮ ያመልጣል። የሷዎቹ ቆሽቷ ውስጥ ገብተው፣ የደሟን ስኳር የሚገራውን ቅመም የሚሠራውን ክፍል ጨረሱት።"

"ማን ላካቸው?"

"ማንም።"

"እንዴት ማንም?"

ደምለው ቡሬን አስታወሰ። ቡሬ ተመርጦ ያደገ፣ ስንት ዓመት ከመንጋው ጋር በሰላም የኖረ ውሻ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ግልገል አንቆ ተገኘ። ያን ጊዜም ሸጊቱ "አስደግመውበት ነው" ብላ ነበር። እሱ ግን የት ላይ እንደተሳሳተ እስከ ዛሬ አያውቅም።

እንግዶቹ ሲበተኑ ለሸጊቱ ነገራት። "ወለተ ማርያም አይደለችም ይላል ወንድምሽ።"

"ታዲያ ማነው?"

"የራሷ… የገዛ ራሷ ጠባቂዎች።"

"ልጄ ራሷን ገደለች ነው የምትለኝ?"

"አይ፣ እሱን አላልሁም።"

"እና ምን እያልህ ነው?"

የተነገረውን ሊደግምላት ሞከረ፤ መሀል ላይ ውሾቹና ጠባቂዎቹ ተምታቱበትና ተወው።

ተዝካሩ ሲደርስ ጠላው ተጠመቀ፣ ቄሶቹ ተነገራቸው፣ መንደሩ ሁሉ ተጠራ። ደምለው ጠዋት ጠዋት ሊጠራት ወደ ወለተ ማርያም አጥር ይሄዳል፤ ሴትዮዋ ቀና ስትል ውሻ እንደጠፋበት ሰው ያፏጭና ይመለሳል። ተዝካሩ አለፈ። ወለተ ማርያም አልተጠራችም።