በሁለቱም ዲስክ ላይ

አባቴ ቡታጅራ ውስጥ ሠርግ በቪዲዮ ይቀርፅ ነበር። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው ሱቁን ዘግቶ ኮምፒዩተሩን ቤት አስገባ። እኔ ወልቂጤ አስተምራለሁ። ትምህርት ተዘግቶ ወላጆቼን ልጠይቅ ስሄድ፣ አባቴ ሁለት ሃርድ ዲስክ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ጠበቀኝ። አንዱ ትልቅ ነው፤ ሌላው የዚያን ሩብ እንኳ አይዝም።

«አንድ አድርጊልኝ» አለኝ። «ሥራዬ ሁሉ አንድ ቦታ ይሁን።»

«ይቻላል አባዬ። ግን እንደ አንድ ካያያዝኳቸው፣ አንዱ ሲበላሽ ሁሉም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ጥንድ ካደረግኳቸው ደግሞ አንዱ የያዘውን ሌላውም ይይዛል። ችግሩ፣ ሁለት ቦታ የሚቀመጠው ትንሹ የቻለውን ያህል ብቻ ነው። የተረፈው ትልቁ ላይ ብቻ ይቀራል።»

«እንግዲያው ሁለቱም ላይ የሚቀመጠውን እንምረጥ» አለ።

ከሰዓት ከሰዓት ኮምፒዩተሩ ፊት መቀመጥ ጀመርን። ከካሴት የተገለበጡ የድሮ ሠርጎች ሳይቀሩ ነበሩበት። እናቴ መጀመሪያ ጎመን እየቀነጠሰች ከሩቅ ታይ ነበር፤ ኋላ ወንበሯን አስጠጋች። ያኔ መብራት ትይዝለት የነበረችው እሷ ናት። ሙሽሮቹም፣ ሽማግሌዎቹም፣ መዘምራኑም እሷ በያዘችው ብርሃን ደምቀዋል፤ እሷ ግን የለችም። አንዳንዴ ጥላዋ ግድግዳው ላይ ያልፋል።

«እኔ ነኝ» ትላለች፣ ቀስ ብላ።

አባቴ ይህን ከዚያ በፊት ልብ ያለው አይመስለኝም። ከዚያ ወዲያ ሙሽሮቹን ትቶ እሷን ይፈልግ ጀመር።

አንድ ቀን አገኛት። ካሜራውን ሳያጠፋ ወንበር ላይ አስቀምጦት ኖሯል፤ ምስሉ አዘንብሏል። እናቴ ወጣት ናት፤ ደክሟት፣ ጫማዋን አውልቃ ከድንኳኑ ጀርባ ተቀምጣለች። የአባቴ እጅ ክትፎ በቆጮ ጠቅልሎ ወደ አፏ ይመጣል። «ብዪ እንጂ፣ ቆመሽ እኮ ነው የዋልሽው» ይላል ድምፁ። እሷ አፏ እንደሞላ ትስቃለች።

«ይሄ በሁለቱም ላይ ይሁን» አለ አባቴ።

«የሰው ሠርግ አስቀድም» አለች እናቴ። «እኔ ሳኝክ ማን ያያል?»

«እኔ አያለሁ።»

መጀመሪያ ያስገባሁት እሱን ነው። የቀረውን ቦታ ቤታቸው ሌላ ቅጂ በሌላቸው ሰዎች ሠርግ ሞላነው።

ወልቂጤ ከተመለስኩ በኋላ፣ ክረምቱ ሳያልቅ ትልቁ ዲስክ ተበላሸ። ብዙ ሥራው ጠፋ፤ አባቴ አዝኖ ኮምፒዩተሩን መክፈትም ተወ። ሄጄ ትንሹን ብቻውን አስነሳሁት። የመረጥነው ሁሉ ደህና ነበር። በኋላ ሌላ ዲስክ ገዝቼ ጥንድ አደረግሁለት።

በቀደም ስደውል ያንን ቪዲዮ ከፍተው ይከራከራሉ። እናቴ ሠርጉ እምድብር ነበር ትላለች፤ እሱ አታት ነው ይላል።

«አንቺ ፍረጂን» አለችኝ።

እኔ ያኔ ጎረቤት የተተውኩ ሕፃን ነበርኩ። መፍረዱን ትቼ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ አዳመጥኳቸው።